ገጽ አሥራ አራት

ፍኖተ ሰላም ላይ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣
ሞላልኝ ፀጉር ቤት በበሩ ስትገባ፣
በስተግራ ምስማር አለ፤
ደብተሬ እዚያ ላይ ተንጠለጠለ።

ባለ ሃምሳ ሉክ ነው፤ በክር ሰፍቼዋለሁ፤
ቀን ሚዛን ስመዝን፣ ማታ ጽፌዋለሁ።
በርበሬ መዛኝ ነኝ፤ እጄ ያቃጥላል፤
ዓይኔን ባሸሁ ቁጥር ታሪኬ ያለቅሳል።

መስከረም ሲጠባ ደብተሩን ሰቀልኩት፤
"ያነበበ ይጻፍ" ብዬ እርሳስ አሰርኩት።
ጥቅምት መጣ፣ ሄደ። እርሳሱ አልተቀረጸም፤
ጫፉ እንደሾለ ነው፤ አንድ ፊደል አልጻፈም።

"ያነቡታል" ይላል ሞላልኝ ስጠይቀው፣
"ተራ ሲጠብቁ። ለሌላው እኔ ምን አውቄው?"
አንድ ሹፌር ብቻ ትከሻዬን መታ፣
ፀጉሩን እያራገፈ፣ "በርታ!" አለኝ፣ "በርታ!"
በርታ ማለት ምን ነው? ለታመመም በርታ፣
ዕዳ ላለበትም፣ ዘብ ለሚያድር ማታ።

የቀበሌው ጸሐፊ "ቆንጆ ነው" አለና
ወዲያው ወሬ ለወጠ፣ ወደ ዳፕ፣ ወደ ጤና፣
ወደ ተቃጠለው ትራንስፎርመር።
ቆንጆ ማለት፣ ለኔ፣ በሩን ዘግቶ መሄድ ነበር።

ልጅ ሳለሁ ሁለት ክረምት ጎንጅ ቅኔ ቤት ነበርኩ፤
የቆጠርኩትን ይዤ የኔታ ፊት ቆምኩ።
ግማሹን ሳልጨርስ፣ "ተው" ይሉኛል፣ "ተው!
ይኸኛው ቤት አልመታም፤ ያኛው ሰም የለው።"
ያኔ እንባ እየተናነቀኝ ወደ ጎጆዬ ሄድኩ፤
ዛሬ ያችን "ተው" በባትሪ ፈለግኩ።
ጉድጓድ ድንጋይ ጥለህ ድምፁን ካልሰማህ፣
ውኃ ይኑረው ይድረቅ በምን ታውቃለህ?

ኅዳር ሲጋመስ ነው። ሰኞ። ገበያ የለም።
ደብተሬን ላወርድ ሄድኩ፤ ከእንግዲህ አልጽፍም፣ አልሰቅልም።
ገለጥ ባደርገው፣ ገጽ አሥራ አራት ላይ፣
በጠማማ ፊደል፣ ከኅዳጉ በላይ፦

"በቅሎዋ ገጽ ዘጠኝ ላይ ሞታለች። ጅብ በላት ብለሃል።
እዚህ ደግሞ ሰውየው የማንን በቅሎ ጭኖ ብር ወንዝን ይሻገራል?
ባልቴቷም እንዲህ አትናገርም። እኔ ባልቴት ነኝ።
ባሌ የሞተ ማታ ያሳሰበኝ የጣድኩት ሽሮ ነበር፣ እንዳያርርብኝ።
ለመሆኑ፣ ሰውየው ከቤቱ ይደርሳል?
ወፍጮው እየጮኸ ይኸው ሐሳቤን ይዞት ውሏል።
አንጓች ነኝ፣ ከወፍጮ ቤቱ።"

ሞላልኝ ምላጩን ይዞ "ምነው?" አለኝ፤
"በቅሎዬ ሞታለች!" ብዬ ሳቅ አፈነኝ።
ወንበሩ ላይ ያለው፣ ግማሽ ፊቱ አረፋ፣
"እግዜር ይተካልህ፣
ሀብት ነው የጠፋ" አለኝ፣ ከልቡ አዝኖ።

እንዴት ላስረዳው?
አንድ ሰው፣ እስከ ገጽ አሥራ አራት፣
በቅሎዬን አስታውሶ መጣ። ከዘጠኝ እስከ አሥራ አራት
ሬሳዋን ተሸክሞ።

ማታ መብራት የለም። በስልኬ ብርሃን
ስድስት መስመር ለቅሶ አንድ በአንድ ሰረዝኩት፤
በለቅሶው ቦታ ድስቱን እሳት ላይ ጣድኩት።
ሽታው መጣ። ያረረ ሽሮ፣ በጨለማው ቤቴ፤
ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች ባልቴቴ።

በቅሎዋን አላስነሣኋትም። የሞተ ሞተ።
ሰውየው ጭነቱን በጀርባው አዝሎ ወንዙ ውስጥ ታከተ፤
መሐል ላይ ቆመና ስሟን ጠራ።
ይህን እኔ አላሰብኩትም ነበር።

ትናንት አየኋት፣ አንጓችን፣ ዱቄት ለብሳ፣
የሰው ቁና ስትሰፍር፣ ከእህል አቧራው አጎንብሳ።
አላወቀችኝም። አልነገርኳትም እኔም፤
ሰውየው ቤቱ ይድረስ አይድረስ ገና አላውቅም።
ብቻ እየሮጥኩ ገባሁ።
አንድ ገጽ ጨመርኩ፣ ክሩን አጠበቅኩ፣
ደብተሩን ሰቀልኩት።
እርሳሱን ቀረጽኩት።